ስጋጃውን ማን ይያዘው?

ወረታ ላይ አዲስ ቤት የገባ ሰው ለሳሎኑ ስጋጃ ሊገዛ ሲነሣ ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ባሕር ዳር ያለችው እኅት በስልክ ትጠየቃለች፤ ጎረቤት ቀለሙ ከሶፋው ጋር ይስማማል አይስማማም ብላ ትፈርዳለች፤ ባል ዋጋውን ሰምቶ ለጊዜው ዝም ይላል። ሻጩ ስጋጃውን ዘርግቶ በመዳፉ እየደባበሰ «የቱርክ ነው፤ እስቲ እጅዎን ያሳርፉበት» ይላል። እጅ ያርፍበታል። ስለ አበባው፣ ስለ ዳር ዳሩ፣ ስለ ክሩ ውፍረት፣ ቡና ቢፈስበት ስለ መልቀቁ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። በመጨረሻ ዕቃው ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በባጃጁ ግራና ቀኝ ወጥተው መንገደኛውን እያስገለሉ፣ ቤት ይገባል። በዚህ ሁሉ መካከል ከሥሩ ምን እንደሚነጠፍ የጠየቀ የለም። ሻጩም አላነሣውም፤ እሱ የሚሸጠው የላይኛውን ነው።

ጥያቄውን የሚያነሣው ስጋጃው ራሱ ነው፤ ያውም በሳምንቱ።

ሰኞ ሶፋው ፊት ቀጥ ብሎ የተነጠፈው ዓርብ ላይ አንዱ ማዕዘኑ ቡፌው ሥር ገብቷል፤ ሌላው ወደ በሩ ዞሯል፤ መካከሉ ተሸብሽቦ አብጧል። እናት ጎንበስ ብላ ትጎትተዋለች። በማግሥቱ ደግሞ ትጎትተዋለች። ልጆቹ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ከጓዳ ሮጠው መጥተው በካልሲ ሲዘሉበት እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ ስለሚያደርሳቸው፣ ስጋጃው የተገዛው ለነሱ ይመስላቸዋል። ደስታው የሚያበቃው ቤት ሊመርቁ የመጡ አሮጊት በአክብሮት ጫማቸውን አውልቀው የገቡ ዕለት ነው።

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ! አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲለምድ ይተዋል።»

«እሱ እስኪለምድ የኔ ዳሌ ይጠብቀዋል እንዴ፣ ልጄ?»

የእማማ ሥጋት የእርጅና ፍርሃት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞት ይገምታል፤ ሳይታሰብ ከሚደርሱ ጉዳቶች መካከል በገዳይነቱ የሚቀድመው የመንገድ አደጋ ብቻ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ምንጣፍን ለይተው ቆጥረውታል። ከ2001 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ የሆስፒታል መረጃ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አሜሪካውያን መካከል በየዓመቱ ወደ 38,000 የሚጠጉት ከስጋጃና ከምንጣፍ ጋር በተያያዘ ውድቀት ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። እዚያ አገር የተቆጠረው እዚህም አለ፤ ልዩነቱ እዚህ ወጌሻ ቤት መሄዱና መዝገብ ላይ አለመስፈሩ ነው።

ወረታ ያለችበት የፎገራ አያቶች በዚህ ነገር አልተቸገሩም። የሚያነጥፉት ስላልነበራቸው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም የድሮው ቤት ከላይ ከሚታየው ይልቅ ከሥር ለሚገባው ነበር የሚጨነቀው። መደቡ ላይ ገለባ ወይም ሰሌን ይቀድማል፤ በዚያ ላይ ጀንዲው ይዘረጋል፤ ከጀንዲው በላይ የለፋ ቁርበት ወይም አጎዛ ይመጣል፤ እንግዳው የተከበረ ከሆነ ደግሞ ዝተት ይደረብለታል። ሁሉም በየደረጃው ሥራ ነበረው። ሰሌኑ የመሬቱን ቅዝቃዜና አቧራ ይከለክላል፤ ጀንዲው ክብደቱን ይዞ ቦታውን አይለቅም፤ አጎዛው ሰውየውን ያሞቃል። በቅሎ የሚጭን ሰው ኮርቻውን ባዶ ጀርባ ላይ እንደማያሳርፍ ሁሉ፣ ያለ መደላድል የሚነጠፍ ነገር አልነበረም። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለሕመሙ የሚወርድ ሰው እንኳ ቁርበቱን ጠቅልሎ ይይዝ ነበር እንጂ የሰው መሬት ያሞቀኛል ብሎ አይሄድም።

ጀንዲው ደግሞ ከራስ ከብት ቆዳ የሚሠራ የቤት ዕቃ ነበር። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ በሣሩና በላሙ የታወቀ ነው፤ የፎገራ ከብት ተብሎ የሚጠራው የወተት ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ገብቶ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ሲይዝ ግጦሹ ጠበበ፤ ከብቱም አብሮ አነሰ፤ ዛሬ ዝርያውን ለማቆየት ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይደክማል። ወረታ በፈንታው የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ሩዙ ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘቡ ቆርቆሮ ቤት፣ ሊሾ፣ ቀጥሎም ሴራሚክ አመጣ። ጀንዲው መንገድ ላይ ቀረ።

ለስጋጃው እግር ያወጣለትም ይኸው ሴራሚክ ነው። በጭቃ የተመረገና በእበት የተለቀለቀ ወለል ሻካራ ነው፤ የተነጠፈበትን ነገር ነክሶ ይይዛል። ሊሾም ቢሆን እስኪያብለጨልጭ ካልተጠረገ መጠነኛ መያዣ አለው። ሴራሚክ ግን የሚወደደው በልስላሴው ነው፤ በፋብሪካ የተሠራ ስጋጃ ጀርባም ብዙውን ጊዜ ደረቅና ለስላሳ ነው። ሁለት ልሙጥ ነገሮች ሲገናኙ ማንም ማንንም አይይዝም። በዚያ ላይ የስጋጃው ክር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሰው በተራመደበት ቁጥር ክሩ ወደዚያው ስለሚገፋ ስጋጃው ቀስ በቀስ ወደዚያው ይጓዛል። ስለዚህ ስጋጃው ሁልጊዜ ወደ ቡፌው የሚሄድበት ቤት ካለ፣ ጎረቤት እንደሚጠረጥረው የልጅ ሥራ ብቻ አይደለም።

የሚገርመው ጥንቃቄ አለመጥፋቱ ነው። ጥንቃቄው ሁሉ የሚውለው ከላይ ነው። ስጋጃው እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ይለብሳል፤ ላስቲኩ እንዳይቀደድ የእግር መጥረጊያ ይነጠፍበታል፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሌላ ትንሽ ስጋጃ ይደረባል። እንግዳ ሲመጣ «ኧረ አታውልቁ፣ በጫማችሁ ግቡ!» ይባላል፤ ዓይን ግን ጫማው ላይ ነው። በክረምት የፎገራን ጥቁር ዋልካ በሁለት እግሩ ተሸክሞ የመጣ እንግዳ ይህን ዓይን ያውቀዋል፤ ካልሲው የተቀደደም ቢሆን ያወልቃል። አንዳንዱ ቤት ስጋጃውን ጨርሶ ከጥቅም ያወጣዋል፤ ተጠቅልሎ በር ኋላ ይቆማል፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ይነጠፋል። በዚህ ሥሌት አንድ ስጋጃ ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ከሥር የሚገባው ተራ ሲደርስ ግን ቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ይሞከራል። መጀመሪያ የሚታሰበው ማዳበሪያው ነው፤ ሩዝ የገባበት የፕላስቲክ ከረጢት ወረታ ላይ ምን ጊዜም አይጠፋም። ተተርትሮ ይዘረጋል፤ ስጋጃው ይመለስበታል። ውጤቱ የከፋ ነው፤ በፊት ስጋጃው ብቻ ይንሸራተት ነበር፤ አሁን ከረጢቱም ይንሸራተታል፤ በተራመዱ ቁጥርም ይንኮሻኮሻል። የቃጫው ጆንያ ከዚህ ይሻላል፤ ሻካራ ስለሆነ ሊሾ ላይ ደኅና ይይዛል፤ ነገር ግን አቧራውን ያራግፋል፣ ቢረጥብም ቶሎ አይደርቅም። ሰሌንም እንዲሁ ነው፤ ሊሾ ላይ የድሮ ሥራውን አይረሳም፣ ሴራሚክ ላይ ግን አቅም ያንሰዋል።

ቀጥሎ ስፖንጅ ይመጣል። ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ከስጋጃ ሥር ሲገባ የመጀመሪያው ቀን የሚያስደስት ነው፤ እግር ጠለቅ ይላል፣ ቤቱ የሀብታም ቤት ይመስላል። ከዚያ ጠረጴዛው ያዘነብላል፤ ጠላ የሞላው ብርጭቆም አብሮት ያዘነብላል። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች እንግዳ ሰክራ ሳትመጣ የሰከረች ትመስላለች። ከወራት በኋላ ስፖንጁ እየተፈረፈረ ቢጫ ዱቄት ይሆናል። መደላድል ረገጥ ሲያደርጉት ጠጠር ማለት አለበት፤ ስፖንጅ የሚያመቸው ለሚተኛ ሰው ነው።

የወረታ ብልሃት ግን ከመነዳሪ ነው። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣውና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚዞረው መንገድ የሚለያይባት ናት፤ ከባድ መኪና ባለበት ጎሚስታ አለ፤ ጎሚስታ ባለበት ደግሞ ያረጀ ከመነዳሪ አለ። አንድ ብልህ አባወራ አራት ቁራጭ አስቆርጦ ከአራቱ ማዕዘን ሥር ያስገባዋል። እውነቱን ለመናገር ይይዛል! ጎማ ሴራሚክን የሚይዝ ነገር ነው፤ ስጋጃው ባለበት ይቆማል፤ አባወራውም ለሳምንት ያህል ያለምንም ገንዘብ እንዳሸነፈ ይሰማዋል። ችግሩ የሚታየው ለበዓል ስጋጃው ሲነሣ ነው። ነጩ ሴራሚክ ላይ አራት ጥቁር ጥላ ተቀምጧል፤ በመገጣጠሚያው የገባው ደግሞ በበረኪናም አልለቅ ብሏል። ሚስቱ ምንም አትናገርም። ዝምታዋን እሱ ይተረጉመዋል።

ከሴራሚክ ይልቅ ጎማ የሚያበላሸው ፕላስቲክ ምንጣፉን ነው። በጥቅል ተገዝቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚነጠፈው ያ ባለ ሥዕል ፕላስቲክ በኬሚካል ጠባዩ ከጎማ ጋር አይስማማም፤ ጎማ ውስጥ ያለው መከላከያ ቅመም ወደ ፕላስቲኩ ይሰርግና ቢጫ ወይም ቡናማ ያደርገዋል። ይህ ቆሻሻ ስላልሆነ አይታጠብም፤ ቀለሙ ከውስጥ ተለውጧል። ስለዚህ ፕላስቲክ ምንጣፍ ያለበት ቤት ከመነዳሪም ሆነ ከፈረንጅ አገር የመጣ ውድ ጎማ ከስጋጃው ሥር ማስገባት የለበትም። ርካሹ ባለ ቀዳዳ የፒቪሲ መደላድል ደግሞ በራሱ መንገድ ያስቸግራል፤ ሙቀት ሲበዛ ወለሉ ላይ ይጣበቃል፣ በተለይ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ላይ።

ታዲያ ምን ይነጠፍ? ለዚህ ተብሎ የሚሠራው መደላድል በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፌልት ይባላል፤ ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የሚሠራ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ነው። ምቾት ይሰጣል፤ ቅዝቃዜ ይከለክላል፤ የእግር ኮቴ ድምፅ ያፍናል። መያዝ ግን አይችልም፤ ልሙጥ ወለል ላይ እሱም ይሄዳል። ሁለተኛው የተፈጥሮ ጎማ ነው፤ ስስ ነው፣ ምቾቱ ትንሽ ነው፣ መያዝን ግን ያውቅበታል። ሁለቱ ተጣብቀው፣ ጎማው ወደ ወለሉ ፌልቱ ወደ ስጋጃው ሆኖ የሚሠራው ለሴራሚክ ሳሎን ከሁሉም የተሻለ ነው። ፕላስቲክ ምንጣፍ ያለበት ቤት ፌልቱን ብቻ ወስዶ የመያዙን ሥራ ለሶፋው ይተዋል። የሶፋው የፊት እግሮች ስጋጃው ጫፍ ላይ ከቆሙ፣ ሦስት ሰው የተቀመጠበት ሶፋ ከማንኛውም ጎማ በላይ ይይዛል። ይህን ዘዴ ሴራሚክ ያለውም ቢጠቀምበት ማንም አይከለክለውም፤ ዋጋው ሶፋውን አንድ ክንድ ወደፊት መግፋት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ለዘመድ አለ። ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ የሚመጣ ሰው ለእናቱ ቤት ሽቶና ቸኮሌት ጭኖ ከሚመጣ፣ የሳሎኑን ስጋጃ ልክ በስልክ ጠይቆ ስስ መደላድል ጠቅልሎ ቢመጣ ይሻላል። ሽቶው በር ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ መደላድሉ በተነጠፈበት ቀን ሥራ ይጀምራል። እናቱ መጀመሪያ «ይህ ምን የሚሉት ጨርቅ ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ይህንም መቻል ነው።

ልኩን መያዝ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው መደላድሉን ከስጋጃው ጋር እኩል ያስቆርጣል፤ አንዳንዱም ተርፎ እንዲታይ ይተወዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። መደላድል ከየጠርዙ ከሁለት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ለሆነ ስጋጃ፣ አምስት አምስት ሴንቲ ቢቀነስለት፣ 1.90 በ2.90 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የስጋጃው ዳር ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ የእማማ ጣትም የሚያደናቅፋት ከፍታ አታገኝም። ሁለት ቁራጭ ማገናኘት ካስፈለገ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ በፕላስተር ማያያዝ እንጂ መደረብ አይገባም፤ የተደረበበት ቦታ ጉብታ ሆኖ ይወጣል፣ ስጋጃውም በዚያ መስመር ላይ ቶሎ ያልቃል።

ውፍረቱን የሚወስነው ደግሞ በሩ ነው። የወረታ ብረት በር ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ከሥሩ ያለችው ክፍተትም የሠራተኛው ቸርነት የፈቀደላት ናት። ስጋጃው ብቻውን በጭንቅ የሚያልፍባት ክፍተት መደላድል ሲጨመርበት ትዘጋለች፤ በሩ ሲከፈት ስጋጃውን ሰብስቦ ወደ ግድግዳ ይወስደዋል። ስለዚህ በር አጠገብና ምግብ ጠረጴዛ ሥር ስስ፣ እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል። መኝታ ቤት አልጋ ሥር የሚገባው አሥር ሚሊ ሜትር ቢሆንም የሚጎዳ የለም፤ ጠዋት ባዶ እግሩን ለሚወርድ ሰው ወፈር ያለው ደስ ይላል።

ፎገራ ላይ ሲሆን የውሃም ነገር አለ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ የልጅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የላዩ ሊሾ አብሮት ይሰነጠቃል፤ እርጥበትም በስንጥቁ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ስጋጃ ያሰበ አልነበረም፤ ሰውና ከብት ለማዳን ነበር ሩጫው። ያን ያህል ባይሆንም በየዓመቱ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል። እንዲህ ባለ ቤት ከስጋጃው ሥር ሸራ ወይም ድፍን ላስቲክ ቢነጠፍ ላቡ ከሥር ይጠራቀማል፤ ሽታው በነሐሴ ይጀምራል፤ የሻገተው ደግሞ ስጋጃው ሲገለጥ ይታያል። ለዚህ አገር የሚስማማው እንደ ወንፊት አየር የሚያሳልፍ መደላድል ነው። እሱም ቢሆን በክረምት አልፎ አልፎ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ከስጋጃው ጋር ተነሥቶ ይናፈሳል። ሲነሣም ከሥሩ የተጠራቀመውን አሸዋ መጥረግ ያስፈልጋል፤ የስጋጃን ጀርባ የሚበላው ከላይ የሚረግጠው እግር ሳይሆን ከሥር የሚፈጨው ጠጠር ነው።

ቡናውስ? ቡና ሲፈላ ስጋጃው ግማሽ በግማሽ ይታጠፋል፤ ከሰል ያለበት ማንደጃ ስጋጃ ላይ እንደማይቀመጥ የማያውቅ የለም። በተገለጠው ሴራሚክ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ጣና ዳር ላለ ሰው ቄጤማ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን እርጥብ ቄጤማ ሴራሚክ ላይ ከስጋጃውም የበለጠ ያንሸራትታል፤ ፈንዲሻ ይዛ የምትመጣው ልጅ ይህን በሚገባ ታውቃለች። አንዳንድ ቤት አሁን አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አንጥፎበታል። ሽታው ቢቀርም ጀርባው ጎማ ስለሆነ ይይዛል፤ ስለ ጎማና ስለ ፕላስቲክ ምንጣፍ የተባለው ግን ለእሱም ይሠራል። ሌላው ችግር መደላድሉ በየቀኑ ከስጋጃው ጋር እየታጠፈ መሰበሩ ነው። ቡና በቀን ሦስቴ የሚፈላበት ቤት ስጋጃውን ትንሽ ገዝቶ የቡናውን ቦታ ነፃ ቢተው ይሻለዋል።

ስጋጃ ልትገዙ ስትነሡ እንግዲህ ከቀለሙ በፊት ወለላችሁ ሴራሚክ ይሁን ሊሾ ወይም ፕላስቲክ ለሻጩ ንገሩት፤ በሩንም ከፍታችሁ ክፍተቱን ለኩ። ከገንዘቡም ለሥሩ የሚሆን አስቀሩ፤ ስጋጃው በአንድ ስንዝር ቢያንስ ማንም አያይባችሁም። መደላድሉን ስታገኙ ወዲያው ሙሉውን አታንጥፉት። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ከሶፋው ጀርባ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ከባድ ነገር ጫኑበትና ለአንድ ወር ተዉት። ስታነሡት ወለሉ ላይ ቀለም ካልተወና ካልተጣበቀ አንጥፉት፤ ከተወ ግን ለሻጩ መልሱለት።